ስም የማይጠራበት ጫካ

ባለፈው ሚያዝያ በር ለማሠራት ሶዶ ከተማ አንድ እንጨት ቤት ገባሁ። አናጺው ወጣት ነው፤ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል። መብራት ጠፍቶ ማሽኑ ስለቆመ ከግቢው ጥግ ሁለት ሠራተኞች አንድ ወፍራም ግንድ በረጅም የእጅ መጋዝ ይሰነጥቃሉ። አንዱ ይስባል፣ ሌላው ይለቃል። ግንዱ ዝግባ ነው። ሳልጠይቅ አወቅሁት። ሽታው ከበር ላይ ተቀብሎኝ ጉሮሮዬ ውስጥ ገባና ተቀመጠ። እኔም እዚያው የተቆለለ ጣውላ ላይ ተቀመጥኩ።

«ጋሽ ባሳ» አለኝ አናጺው። ስሜን ነግሬው ነበር። ዝም አልኩ። «ጋሽ ባሳ» አለ ደግሞ። በሦስተኛው ቀና አልኩ።

«ጆሮዎ ይከብዳል እንዴ?»

«አይከብድም።»

«ታዲያ?»

«ሲጠሩኝ ቶሎ አልመልስም። ልማዴ ነው።»

ሳቀ። ሚስቴም በመጀመሪያው ዓመት ትስቅ ነበር። አሁን ትታዋለች፤ ስትፈልገኝ መጥታ ትከሻዬን ትነካኛለች።

የምጽፈው እህቴ ጠርታኝ ያልመለስኩበትን በልግ ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ የተደበቀ የለውም። ፊደል የቆጠርኩት ጺሜ ከበቀለ በኋላ ስለሆነ አሳምሬ መጻፍ አልችልም። አሳምረው የሚጽፉ ሰዎች ስለ ጫካ የጻፉትን ግን አንብቤአለሁ። ወፍ ይዘምራል፣ ቅጠል ይጨፍራል ይላሉ። እኔ ባደግኩበት ቦታ ወፍ እንኳን የሚጮኸው ከጫካው ዳር ሆኖ ነበር።

ቀበሌያችን ከዱቦ ወደ ላይ ነው፤ መኪና ከሚቆምበት ጥሩ አድርጎ የሚራመድ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ከቤታችን ጀርባ እንሰት ነበር። እንሰቱ ሲያበቃ ቦይና የምንለው ጎደሬ፣ ቦይናው ሲያበቃ አንድ ቁልቁለት፣ ከቁልቁለቱ ማዶ ጫካው። ስም የለውም። ሁሉም ሰው ዎራ ይለዋል፤ በእኛ ቋንቋ ዱር ማለት ነው።

ሕጉን ማን እንደነገረኝ አላስታውስም። ውሃ እንደሚያረጥብ ማን ነገረኝ? እዚያ ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም። ስምህን እየጠራ የሚጣራ ነገር ከሰማህ አትመልስም፤ ሰው አይደለምና። ጫካው የሰው ድምፅ ይዋሳል። የመለሰ ሰው ድምፁን ሰጠ ማለት ነው፤ ድምፁን የሰጠ ደግሞ ቢወጣም ባዶውን ነው የሚወጣው።

ስለዚህ እንጨት ለቀማ የሚገቡ ሴቶችና ልጆች በገጀራ ጀርባ ደረቅ ግንድ ይመታሉ። አንዴ ከተመታ እዚህ ነኝ ማለት ነው። ሁለቴ ከሆነ እንውጣ። ሦስቴ ከሆነ ድረሱልኝ። ድንጋይ አይመታም፤ እንጨት ብቻ። ጠዋት ከደጃችን ቆሜ ሳዳምጥ ከጫካው ውስጥ ኳ ይላል፤ ከወዲያ ጥግ ደግሞ ሌላ ኳ ይመልሳል። የሰው ድምፅ የለ፣ ሳቅ የለ። በውስጡ ማን እንዳለ ሳይታወቅ ጫካው ራሱን በራሱ የሚያንኳኳ ይመስለኝ ነበር።

የጸሎት ቤታችን ወንጌላዊ እሑድ እሑድ ይህ ሁሉ የሰይጣን ማታለያ ነው ብሎ ያስተምራል። ሰኞ ጫካውን አቋርጦ ወደ ማዶ ሰፈር ሲሄድ ግን መጽሐፍ ቅዱሱን በብብቱ ሸጉጦ፣ በዱላው ግንድ ለግንድ እየመታ ነው። አንድ ቀን እህቴ መውጫው ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«ወንጌላዊ፣ የሚያንኳኩት ለማን ነው?»

«ጅብ እያባረርኩ ነው።»

«በቀትር?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ከቁመትሽ ይበልጣል» ብሏት ሄደ።

እህቴ ታደለች ትባላለች። እኛ ታዱ እንላታለን። ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ ዘጠኝ። ስድስተኛ ክፍል ነበረች፤ ከቤታችን ትምህርት ቤት የገባች እሷ ብቻ ናት። ትምህርት ቤት አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጣቸዋል፤ እሷም የተማረችውን ቃል ሁሉ ይዛ መጥታ ቤት ውስጥ ትበትነዋለች። ዶሮዋን «ክቡርነትዎ» ትላት ነበር። እኔን ደግሞ «ሸክሜ» ትለኛለች፤ እግር እስካወጣ በጀርባዋ ያዘለችኝ እሷ ስለሆነች። እናቴም አባቴም በዚህ ስም አይጠሩኝም። የሁለታችን ነበር።

የዚያን ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ ማሳው ውስጥ የተተከለው ስኳር ድንች ገመድ ሆኖ ቀረ። እናቴ፣ አዬ ነው የምንላት፣ ያልደረሰ እንሰት ቆረጠች። ቆጮውን ከጉድጓድ ስታወጣ ጀርባዋን ታዞርብናለች፤ ምን ያህል እንደቀረ እንዳናይ። ከዚያ ግንቦት ላይ የሁለት ወሩ ዝናብ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ መጣ። አሁን ሁሉም ነገር አረንጓዴ ሆነ፤ የሚበላ ግን የለም። በአረንጓዴ መካከል መራብ ምን እንደሚመስል ያልደረሰበት አያውቀውም።

እኔ በዚያ ጊዜ ቀኑን የማሳልፈው አዋ አንጁሎ ዘንድ ነበር። አዋ አባት ማለት ነው፤ ሽማግሌን ሁሉ እንዲህ ነው የምንጠራው። ቤቱ ጫካው አፍ ላይ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ነው። አያቶቹ ጫካው ውስጥ ስለተቀበሩ የጫካውን ነገር የሚያውቅ እሱ ነው ይባላል። የውሃ ጋያውን እያንቦራጨቀ ሲያጨስ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ከአባቴ ይልቅ እሱን እወድ ነበር፤ አባቴ ሲርበው ይቆጣል፣ አዋ አንጁሎ ሲርበው ያወራል።

በጉም ቀን ዛፎቹ ቦታ ይለዋወጣሉ ብሎኛል። ሰው መንገድ የሚጠፋው እሱ ተሳስቶ አይደለም፤ ትናንት የነበረው ዛፍ ዛሬ ወደ ማዶ ስለሄደ ነው። ደግሞ ሲጠሩት ስለመለሰ ልጅ ነግሮኛል። ልጁ ቤቱ ተመለሰ፣ በላ፣ ተኛ። ሲያወራ ግን አፉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፁ የሚሰማው ከጫካው ነው። እናቱ እራት ይዛለት አፉን እያየች፣ ቃሉን ከሩቅ እያዳመጠች አሳደገችው። ይህን ሲነግረኝ ጆሮዬን በእጄ እሸፍን ነበር። በማግስቱ ግን ድገሙልኝ እላለሁ።

አንድ ቀን ጫካውን አቋርጦ ከሚወርደው ወንዝ በታች ፍየል ስጠብቅ ጫካው ሲተነፍስ ሰማሁ። ከወንዙ በላይ፣ ከጥልቁ በኩል ነው። ረጅም ነው። ህርርር ብሎ ይስባል፣ ህስስስ ብሎ ያስወጣል። ትንሽ ያርፋል፣ ይቀጥላል። ፍየሎቹን ጥዬ ወደ አዋ አንጁሎ ሮጥኩ።

«አዋ፣ ዎራው ይተነፍሳል።»

ጋያውን ከአፉ አወጣ። «ከየት በኩል?»

«ከወንዙ በላይ።»

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«ጎበዝ። ተኝቷል ማለት ነው። የተኛ ነገር ደግሞ አይቀሰቀስም። ከወንዙ በላይ ማንም እንዳይሄድ፤ ሰምተሃል? ለእህትህም ንገራት፣ እሷ ናት የማትሰማው።»

የተቀቀለ ቦይና በዳጣ ሰጠኝ። እየበላሁ ሳለ በሩን አየሁ። ቤቱ አሮጌ የሣር ቤት ነው፤ በሩ ግን አዲስ ጣውላ ነበር፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ልስልስ ያለ። አፍንጫዬን አስጠግቼ አሸተትኩት። እንደዚያ ያለ ጥሩ ሽታ አሽትቼ አላውቅም ነበር።

«ማን ሰጠዎት አዋ?»

«ዎራው» አለኝ።

አመንኩት። አሁን ሳስበው አልዋሸም።

ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ይሁን በዐሥር ቀን፣ ወንዙ ዳር ዱቄት አገኘሁ። ጎርፍ ከላይ አምጥቶ ድንጋይ ላይ የተወው፣ ቢጫ፣ ደቃቅ፣ እርጥብ ዱቄት። ሽታው የበሩ ሽታ ነው። ጫካው ተኝቶ ይተነፍሳል፣ በር ይሰጣል፣ ዱቄት ይፈጫል። ልጅ ነበርኩ፤ ደግሞም ርቦኝ ነበር። በመዳፌ ዘግኜ ቀመስኩት። መራራ ነው፣ ምላስ ላይ ይጣበቃል። ቢጋገር ደህና ይሆናል ብዬ የሸሚዜን ጫፍ አጥፌ ሞላሁና ለአዬ ወሰድኩላት።

አዬ አየችው። አሸተተችው። ከዚያ በጥፊ መታችኝና ሁሉንም እሳት ውስጥ በተነችው። ጨሰ፣ ቆይቶ ነደደ። ለምን እንደመታችኝ አልነገረችኝም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆየች። ዱቄት አገኘሁ ብሎ የእንጨት ብናኝ ለእናቱ የሚያመጣ ልጅ ያላት ሴት ምን እንደሚሰማት ያኔ አልገባኝም።

ታዱ ግን ሳቀች። ከሸሚዜ ላይ የቀረውን በጣቷ አንስታ አየች።

«ሸክሜ፣ ይሄ መጋዝ የበላው እንጨት ነው።»

«መጋዝ ምንድነው?»

«ትልቅ ቢላ። ጥርስ ያለው። ሁለት ሰው ነው የሚይዘው።»

ይህን ስትለኝ ባሰብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫካው በአእምሮዬ ጥርስ አበቀለ። እሷ ግን ሌላ ነገር እያሰበች ነበር። እንጨት የሚሰነጠቅበት ቦታ ቁርጥራጭ አለ። ቁርጥራጩ ደግሞ የተዘጋጀ ነው፣ ዛፍ ለዛፍ እየዞሩ አይለቅሙትም።

የታዱ የዓመቱ የመጨረሻ ፈተና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። አዬ አንድ ሸክም እንጨት ሳታመጣ እንዳትሄድ ብላታለች። ጠዋት ዝናብ ስለነበር አርፍደን ወጣን። ሾላው ሥር ስንደርስ አዋ አንጁሎ ቤት የለም። ታዱ ገጀራዋን ከመቀነቷ አወጣች።

«ከወንዙ በላይ ልሄድ ነው። በአንድ ዙር ሞልቼ እወጣለሁ።»

«አዋ አንጁሎ አይኬድም ብለዋል።»

«አዋ አንጁሎ ፈተና የለባቸውም።»

«ዎራው ተኝቷል፣ እንዳይቀሰቀስ ብለዋል።»

«በእግሬ ጣት ነው የምሄደው።» በእግሯ ጣት ቆማ አሳየችኝ። ከዚያ አንድ ዱላ ሰጠችኝ። «አንተ እዚሁ ቁም። በየመሀሉ አንዴ አንዴ ምታ። እመልስልሃለሁ። ደግሞ እንዳታለቅስ።»

«አላለቅስም።»

«ሸክሜ ካለቀሰ ዎራው እንባ ይጠጣል» ብላ ምላሷን አወጣችብኝና ገባች።

አንዴ መታሁ። ኳ ብላ መለሰች። ቆይቼ መታሁ። ኳ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ። ደግሞ መታሁ፤ መልሱ ከወንዙ ማዶ መጣ፣ ቀጭን ሆኖ። ጉሙ ከላይ ወረደ። መጀመሪያ የዛፎቹን ጫፍ በላ፣ ከዚያ ወገባቸውን፣ ከዚያ እኔን። ዝናቡ ጀመረ። የዚያን ቀን ጫካው አይተነፍስም ነበር። በጣም ያስፈራኝ ይህ ነው፤ የነቃ መሰለኝ።

መታሁ። መልስ የለም።

ደግሞ መታሁ። ዝናቡ ቅጠል ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሌላ ድምፅ የለም። ለሦስተኛ ጊዜ ዱላዬን ሳነሳ ሰማሁት።

«ባሳ።»

ድምፁ የእሷ ነበር። የሚመጣው ግን ሰው ከሚቆምበት ከፍታ አይደለም፤ ከመሬት ሥር ነው። እንደ እንስራ ውስጥ ያለ ድምፅ።

«ባሳ፣ ና።»

እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። መልሱ ሳላስበው እንዳያመልጠኝ። በሌላው እጄ ሾላውን በዱላ አንዴ መታሁ። እውነተኛዋ ታዱ ከሆነች ትመታለች፣ አልኩ። ሁሌ የምትመታ ልጅ ናት። ጠበቅኩ። እንጨት አልመለሰም።

«ሸክሜ።»

የእናቴን ስም ቢያውቅ፣ የአባቴን ስም ቢያውቅ አይደንቀኝም ነበር። በዚህ ስም ግን የምትጠራኝ ታዱ ብቻ ነበረች። ጫካው ታዱን በልቶ ከውስጧ አውጥቶታል ማለት ነው፣ አልኩ። ሀሳቤ እንዲህ ነበር፤ ቁልጭ ያለ ነበር። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኜ ስህተቱን ፈልጌ አጣለሁ። እንደተማርኩት አደረግሁ።

«ሸክሜ፣ ሸክሜ» እያለ ከኋላዬ ሲጠራኝ ቁልቁለቱን ሮጬ ወጣሁ።

አባቴ ቤት ነበር። አዬ ቅጠል እየቀነጠሰች ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። አባቴ ገጀራውን አንስቶ ወጣ፤ አዬ ተከተለችው፤ ጎረቤት ተከተለ። ጫካው አፍ ላይ ስንደርስ አዋ አንጁሎ ሾላው ሥር ቆሞ ነበር። ለካ ተመልሷል። እኔን በትከሻዬ ያዘኝ።

«ምን ብሎ ጠራህ?»

«ባሳ ብሎ። ከዚያ ሸክሜ።»

«መለስክ?»

«አልመለስኩም።»

«ምንም? እንዲያው ወይ እንኳን አላልክም?»

«ምንም።»

«ጎበዝ» አለ። እጁ ትከሻዬ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያኔ ለእኔ የፈራልኝ መሰለኝ።

አባቴ ሊገባ ሲል መንገዱን ዘጋበት። «ጉሙ ሳይነሳ አይገባም።»

«ልጄ ናት እኮ አዋ።»

«አውቃለሁ። አንዷን ፍለጋ ስንት ሰው ልትጨምር ነው? ምቱ። በሕይወት ካለች ትመታለች፤ ሦስት ትመታለች። ያኔ እንገባለን።»

አባቴ ወንድ ነበር፣ ጠንካራ። ግን ከዚያ መንደር የተወለደ ሰው ነው። ገጀራውን ገለበጠና መምታት ጀመረ።

ሁሉም መታ። ወንዶች፣ ሴቶች፣ ልጆች፣ ሠላሳ ሰው ይሆናል፣ በጫካው ዳር ተደርድሮ እያንዳንዱ አንድ ግንድ ይዞ መታ። ከዚያ አዋ አንጁሎ እጁን ያነሳል፤ ሁሉም ያቆማል፤ እናዳምጣለን። የእንጨት መልስ የለም። ድምፁ ነው የሚመጣው። አሁን ስሜን ትቶ ነበር። «አዬ» ይላል። «አዬ» ይላል። እንደገና እንመታለን።

አዬ አንድ ጊዜ አፏን ከፈተች። «ል...» አለች። ልጄ ልትል ነው። ሁለት ሴቶች ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቀው ያዟት። የያዟት የሚወዷት ሴቶች ናቸው። ወንጌላዊው መጽሐፉን ገልጦ መጸለይ ጀመረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ለምን ከፍ እንዳደረገው ሁላችንም አወቅን።

ከዚያ ድምፁ ሌላ ቃል ተናገረ። ከዝናቡ ጋር ተቀላቅሎ ጥርት ብሎ አልተሰማም። አንዷ ሴት፣ «ውሃ ነው የሚለው» አለች። ሌላዋም፣ «አዎ፣ ውሃ» አለች።

ሁሉም ወደ አዋ አንጁሎ ዞረ። እሱ ወደ መሬት ያያል። ያኔ አንድ ነገር ሊናገር ይችል ነበር። የሚያውቀው ነገር ነበረና። አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፣ ከዚያ «ጠምቶታል» አለ።

ከቤቱ በቅል ውሃ አመጡ። ሾላው ሥር አፈሰሱት። አንድ ቅል፣ ሁለተኛ ቅል፣ ሦስተኛ ቅል። እኔም ጣቴን ነክሬ ረጨሁ። ዝናቡ በአናታችን ወርዶ በተረከዛችን እየወጣ፣ በዝናብ ውስጥ ቆመን ለጫካ ውሃ አፈሰስን።

ሊመሽ ሲል ድምፁ ቆመ። «ጠገበ» አለ አንድ ሰው ከኋላ። አዋ አንጁሎ አይደለም ይህን ያለው፤ እሱ ከሾላው ሥር ተቀምጦ ነበር።

የዚያን ዕለት እራት ላይ አንዲት ጎረቤት ለእኔ ሙቿ፣ በቅቤ የታሸ ቆጮ፣ ይዛ መጣች። ስሙን ለጠራው ያልመለሰ ልጅ፣ አለች፣ ልቡ የወንድ ነው። በዚያ በልግ ቅቤ የቀመስኩት ያን ቀን ብቻ ነው። በላሁት። ጣቴንም ላስኩ።

ጠዋት ፀሐይ ወጣ፤ ጉሙ ተነሳ። ወንዶቹ እየመቱ ገቡ፤ እኔም ሳያዩኝ ከኋላ ተከተልኩ። ከወንዙ በላይ ብዙም አይርቅም። ዛፍ የሌለበት ክፍት ቦታ አለ። መሬቱ ሁሉ ቢጫ ዱቄት ነው። በመካከሉ ከሰው ቁመት የሚጠልቅ ረጅም ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ በላዩ ግማሹ የተሰነጠቀ የዝግባ ግንድ ተጋድሟል። መጋዝ እንደዚያ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ከግንዱ በላይ ይቆማል፣ ሌላው ጉድጓዱ ውስጥ። ሰዎቹ ዝናቡ ሲበዛ መጋዛቸውን ይዘው ሄደዋል። ጉድጓዱን ቅጠልና ቁርጥራጭ ሸፍኖታል፤ እሷ የረገጠችበት ብቻ ተከፍቷል። ውሃው እስከ አፉ ሊደርስ ስንዝር ቀርቶታል።

ሲያወጧት አንድ እግሯ ከጉልበቷ በታች ተሰብሯል። ገጀራው እጇ ላይ ነበር።

ወንዶቹ ሌላ ሰው እንደሌለ ለማረጋገጥ ውሃውን በቅልና በባልዲ ቀዱ። ውሃው ሲጎድል የጉድጓዱ ግድግዳ ወጣ። ቀይ ጭቃ ነው፣ ለስላሳ። ግድግዳው ሁሉ ተመቷል። የገጀራ ጀርባ ምልክት ነው። ሦስት፣ ከዚያ ባዶ፣ ሦስት፣ ከዚያ ባዶ፣ ሦስት። እጇ እስከሚደርስበት ድረስ። ጭቃ አይጮኽም። ግንዱ ደግሞ ከላይ ነው፣ እጇ አይደርስበትም። መጀመሪያ ሕጉን ነው ያከበረችው። መትታ መትታ ሲያቅታት ነው የጠራችኝ።

አባቴ አየኝና ዓይኔን በእጁ ሸፈነ። አይቻለሁ ግን።

አዋ አንጁሎ ከዳር ቆሞ ነበር። አባቴ ድምፁን ሳይጨምር ጠየቀው።

«ይህ ጉድጓድ የማን ነው?»

«የከተማ ሰዎች ናቸው። እንጨት የሚያወጡ።»

«እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«ጉድጓዱን አውቃለሁ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት...» አለ። «ትናንት ዎራው መሰለኝ» አለ በመጨረሻ።

በዚህ ላይ ብዙ አስቤአለሁ። ዋሽቶ ከሆነ ቀላል ነበር፤ ሌባን መጥላት አያስቸግርም። ግን የትከሻዬ አጥንት ላይ የተንቀጠቀጠውን እጅ አውቀዋለሁ። ጉድጓዱን ያውቃል፤ ሰዎቹን አስገብቷል፤ በር ተቀብሏል፤ ሰው እንዳይጠጋ በእኔ በኩል ወሬ አስነዝቷል። ከዚያ ከጉድጓዱ ድምፅ ሲመጣ እሱም ራሱ ፈራ። የሚያውቀውና የሚያምነው በአንድ ራስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዱ ሌላውን አላየውም። እኔ ዘንድ ይህ ከውሸት ይከፋል።

ከቀብሩ በኋላ በሩን ነቅሎ ጣለው። ቀዳዳው ላይ የእንሰት ቅጠል ሰቀለ። ወደ እሱ ተመልሼ አልሄድኩም፤ እሱም አልጠራኝም።

አባቴ ከዚያ ወዲያ ልጅ ትምህርት ቤት አልላከም። ፈተና ባይኖር አትቸኩልም ነበር አለ። የሚወቅሰው ነገር ያስፈልገው ነበርና ትምህርት ቤቱን መረጠ። አዬ የታዱን ደብተር በላስቲክ ጠቅልላ ጣሪያው ሥር ሰካችው። ጭስ እየጠጣ ስንት ዓመት ተቀመጠ። ማንበብ ስጀምር መጀመሪያ የከፈትኩት እሱን ነው። አንድ ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ። ላሟ ሳር ትበላለች። አበበ በሶ በላ። ነገ ዝናብ ይዘንባል። መምህሩ በቀይ እርማት አድርጎበታል። ስለ እኔ አንድ ቃል የለም።

ከእንጨት ቤቱ በወጣሁ ማግስት ወደ ቀበሌው ሄድኩ። ሾላው አለ። አዋ አንጁሎ ከሞተ ቆይቷል። ዝግባ አንድም የለም፤ ሁሉም ባሕር ዛፍ ሆኗል፣ በመስመር የተተከለ፣ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ የሚያሳይ። ለመፍራት እንኳን አይመችም። ጉድጓዱ ቦታ ላይ መሬቱ ትንሽ ገባ ብሏል፤ እንግጫ በቅሎበታል። ጎንበስ ብዬ እጄን አገባሁ። እርጥብ ነው።

ሰው አለመኖሩን አየሁ። ከዚያ መለስኩ።

«ወይ፣ ታዱ» አልኩ። «እዚህ ነኝ።»

ድምፄ ያሳፍር ነበር፤ ትልቅ ሰው ለሳር ሲያወራ። ጠበቅኩ። ምን እንደምጠብቅ አላውቅም። ነፋሱ ቆመ።

ከታች፣ ከወንዙ በኩል፣ ኳ አለ። ደግሞ ኳ።

ባሕር ዛፍ የምትቆርጥ ሴት ትሆናለች። ዛሬ እዚያ ማንም በግንድ አይጠራራም፤ ስልክ አላቸው። ይህን አውቃለሁ። ሦስተኛውን ቆሜ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ሁለት ነበር።

ሁለት እንውጣ ማለት ነው። ዞር ሳልል ወጣሁ።

አናጺውን በስልክ ደውዬ በሩን ትቼዋለሁ አልኩት። የብረት አሠራሁ።